ጥጉ ያልተቀደደው ፎቶ

ኑ፣ ቀረብ በሉ። እዚያ በሩ ላይ ቆማችሁማ አላወራላችሁም። ወንበር ያገኘ ወንበር ላይ፣ ያላገኘ ምንጣፉ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጥ። የማጫውታችሁ የስርቆት ነገር ነው፤ ግን አትፍሩ፣ ደም የለበትም። አንድ ሽማግሌ ባልሠሩት ሥራ ወህኒ ሊወርዱ አፋፍ ላይ የደረሱበት ቀን ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ቀስ» ይሏታል። ስትራመድ ቀስ፣ ስትጠይቅ ቀስ፤ ሻይ ከቀረበላት ሳይቀዘቅዝ አትነካውም። አለቃዋ «አንቺ ሌባ የምትይዢው ሮጦ ሮጦ ሲደክመው ነው» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች እንጂ እርምጃዋን አታፈጥንም።

ያን ቀን ጠዋት የተጠራችው ወደ አንድ የሥዕል አዳራሽ ነው። ማታ ዐውደ ርእይ ሊከፈት፣ እንግዳው ሁሉ ተጠርቶ፣ ወንበሩ ሁሉ ተደርድሮ፣ ከግድግዳው መሀል ትልቁ ሥዕል ጠፍቷል። የሚገርመው ፍሬሙ ቦታው ላይ ነው። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ዘንበል እንኳ አላለም። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ የጀርባው ካርቶን ብቻ አፍጥጦ ያያል።

«በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱ አልተነካም» አለ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፣ ከረባቱን እያላላ። «ሌሊቱን እዚህ ያደረው ዘበኛው ብቻ ነው። ቁልፉም እሱ ጋ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ አለው?»

ዘበኛው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«አባባ» አለቻቸው መርማሪዋ፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ። «ከትናንት ጀምሮ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«የሚገቡት ገቡ፣ የሚወጡት ወጡ።»

«ሥዕሉን የያዘ ሰው አላዩም?»

«አላየሁም።»

«ምንም?»

«ምንም።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ቆቡ ላይ ነው።

 መርማሪዋ በሥራዋ እንዳየችው፣ እውነት ምንም ያላየ ሰው አፉ አያርፍም፤ ያላየውን ሁሉ ይዘረዝራል። እኚህ ግን አንዲት ቃል ይዘው ሙጭጭ አሉ።

«እስከ ማታ ሥዕሉ ካልተገኘ ክሴን እጽፋለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከሥራውም ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል።»

የሽማግሌው ጡረታ ደጃፍ ላይ የደረሰ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው፣ አሁን በስርቆት ተባረሩ ቢባል ያቺም ጡረታ አፈር ልትበላ ነው። መርማሪዋ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠጋ አለችና «ጣቢያ ውሰዳቸው፤ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። እስር ክፍል እንዳታስገባቸው፤ ሰምተኸኛል?» አለችው።

ከዚያ ሰዓሊዋን ፈለገች። ሰዓሊዋ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ በቀለምና በመርፌ የተጎዱ፣ ካለቀሰች በኋላ ፊቷን የታጠበች።

«ሥዕል ነው ወይስ ፎቶ?» አለቻት መርማሪዋ ዙሪያውን እያየች።

«ሁለቱም ነው። ፎቶዎቹን ያነሱት አንድ አረጋዊ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እስካሁን በፊልም ነው የሚያነሱት፣ እቤታቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ ራሳቸው ያጥባሉ። የተበላሸባቸውን ጥጉን ቅድድ አድርገው ሣጥን ውስጥ ይጥሉታል። እኔ ያንን ሣጥን እወስዳለሁ። እሰፋበታለሁ፣ ቀለም እቀባበታለሁ፣ ሁለቱን ቆርጬ አንድ አደርጋለሁ።»

«የእሳቸው ቆሻሻ ላንቺ ሀብት ሆነ በይኛ!»

«ሲጀመር የተስማማነው ነገር አለ። እኔ ‹ይህ ማነው?› ብዬ አልጠይቅም። እሳቸውም ሣጥን የገባውን ‹መልሺልኝ› አይሉም። ማታ የሁለታችንም ስም ነው እኩል የሚነበበው።»

መርማሪዋ ግድግዳውን ተከትላ ሄደች። የፎቶ አንሺው እጅ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘ አውቶቡስ አለ፤ ሰዓሊዋ በየመስኮቱ አበባ ሰፍታበታለች። ዓይኗን በጨፈነችበት የተነሳች ሙሽራ አለች፤ ሽፋሽፍቷ ላይ በሰማያዊ ክር የተከፈተ ዓይን ተሰፍቶላታል። ብርሃን የበላው የአንድ ሰውዬ ግማሽ ፊት ከሌላ ሰው ግማሽ ፊት ጋር ተጋጥሞ፣ የማያውቁት ዘመድ መስሎ ይስቃል። ሁሉም ላይ የላይኛው ቀኝ ጥግ ተቀዷል፤ የተቀደደው ጠርዝ በወርቅማ ቀለም ተከብቧል።

«የጠፋውን አሳዪኝ።»

ሰዓሊዋ ስልኳን ከፈተች። አንዲት ሴት ድልድይ ላይ ቆማለች፤ ጀርባዋን ነው የሰጠችው። ሰፋ ያለ ኮት ለብሳለች። የአንድ እግሯን ተረከዝ ከጫማዋ አውጥታ ሌላው ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሳርፋዋለች። ከትከሻዋ ተነስቶ እስከ ፎቶው ዳር ቢጫ ክር፣ ቢጫ ክር፣ ቢጫ ክር፤ ፀሐይ ከሰውነቷ የወጣች ይመስላል። የመጥሪያው ፖስተር ላይም የታተመችው እሷ ናት።

መርማሪዋ ምስሉን በጣቷ አሰፋችው። «ይህኛው ጥጉ አልተቀደደም።»

«አልተቀደደም» አለች ሰዓሊዋ፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «ሣጥኑ ውስጥ ሳገኘው ጋሼ ሆን ብለው የሰጡኝ ስጦታ መሰለኝ። ስለዚህ ከሁሉም አብልጬ ደከምኩበት።»

«ትናንት የመጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከምሳ በፊት። ፍሬም ሠሪው የቀሩትን ሊሰቅል ግድግዳውን ሲበሳ አቧራው እንዳይነካቸው የተሰቀሉትን በጨርቅ ሸፈንኳቸው። ዛሬ ጠዋት ነው የገለጥኩት።»

«ምሳ የት በላችሁ?»

«ውጭ፣ ደረጃው ላይ። የጋሼ ባለቤት እማማ ይዘውልን መጡ። እኔ፣ ጋሼ፣ ፍሬም ሠሪው፣ ዘበኛው፣ ሁላችንም አብረን በላን።» ሰዓሊዋ ትንሽ ከተጨነቀች በኋላ ጨመረች። «እትዬ፣ እንዲህ ማለቴ ደስ አይለኝም፤ ግን ጋሼ ሥዕሉ ተሰቅሎ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ። ቃል አልወጣቸውም።»

መርማሪዋ ፍሬሙን አውርዳ ገለበጠችው። ካርቶኑን የያዙት ትንንሽ ሚስማሮች ወደ ላይ ተፈልቅቀዋል፤ እንጨቱ ላይ ዱልዱም ነገር ገፍቶት የጎደጎደ ምልክት አለ። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ጠብ ያለች ቅባት። አሸተተችው፤ የማሽን አይደለም፣ የምግብ ዘይት ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ፍሬም ሠሪው ሱቅ ነው፤ ሰዓሊዋና እሱ በየቀኑ እንደሚጨቃጨቁ ሰምታለች። ሱቁ በእንጨት ፍቅፋቂ የተሞላ ነው። ሰውዬው እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ መስታወት ይቆርጣል።

«‹አንድ ቀን ሁሉንም አውርጄ እጥላቸዋለሁ› ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ! ዛሬም እላለሁ! የተቀደደ ወረቀት አምጥታ ‹በጥሩ እንጨት ፍሬም አድርግልኝ› ትላለች። ሰው ሲያየኝ እኔ የቀደድኩት ነው የሚመስለው!» መስታወቱን ቀጭ አድርጎ ለየው። «ግን እትዬ፣ ልስረቅ ብል ኖሮ ለምን አዳራሽ ድረስ እለፋለሁ? እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ከርሞ ነው የሄደው። ‹ውሃ ነካብኝ› ብዬ ላስቀረው እችል ነበር።»

ልክ ነው። የሚስማሮቹን ፎቶ አሳየችው። አየና ፊቱን አጨማደደ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

«ይሄማ የሙያ ነውር ነው። ፒንሳዬ እኮ መሰላሉ ሥር ነበር፤ እሱን አንስቶ ቢሆን እንጨቱ ባልተጎዳ። ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

ከሱቁ ወጥታ ጣቢያ ጎራ አለች። ዘበኛው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ሻይና ዳቦ አቀረበችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ትናንት ምሳ ጥሩ ነበር አሉ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እማማ እኮ ለእኔ ለብቻዬ ሰሃን ነው የሚያመጡልኝ። ‹በር ጠባቂ ከሁሉም በፊት ይብላ› ይላሉ…» ንግግራቸውን አቋረጡ። ዳቦውን ቁራሽ በቁራሽ ያደቁት ጀመር።

መርማሪዋ ሻዩን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረገችው። «አባባ፣ ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ለምን እንደማይነግሩኝ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ሰው እኮ አንዳንዴ ያደርጋል። አድርጎም ይጸጸታል። ራሱ እስኪመልሰው ትንሽ ጊዜ ቢሰጠው ምናለበት?»

«እስከ ማታ ነው ጊዜው። ከማታ በኋላ እርስዎ ነዎት ሌባው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ሻዩን ፉት አሉት።

መርማሪዋ ተነሳች። ያን ቀን ብቻ፣ እትዬ ቀስ ፈጠን ብላ ተራመደች፤ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩአት።

ፎቶ አንሺው ቤታቸው ነበሩ፣ ከጓሮ ባለችው ጨለማ ክፍል። በቀይ መብራት ሥር እርጥብ ፎቶዎች በመቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ሽማግሌው አንዱን አወረዱ፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉና ጥጉን ቀድደው ሣጥን ውስጥ ጣሉት።

«ድልድዩ ላይ ያለችውን ግን ጥጓን አልቀደዱም» አለች መርማሪዋ።

«ምክንያቱም አልጣልኳትም! ከመሳቢያዬ ወጥታ አታውቅም። እንዴት ሣጥን ውስጥ እንደገባች አላውቅም። እርጅና ነው መቼም፤ መነጽሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ የማስቀምጥ ሰው ሆኛለሁ።»

«ታዲያ ሰዓሊዋን ለምን ‹መልሺልኝ› አላሏትም?»

«ቃሌስ? ሣጥን የገባ የእሷ ነው ብያለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ደግሞ ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? እዚያ ጠባብ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጌ ያኖርኳት፣ ክር ለብሳ፣ ብርሃን ሞልቷት ግድግዳ ላይ ሳያት… እንባዬ መጣ። ሰው ፊት እንዳላለቅስ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሴትየዋ ማን ናት?»

ሽማግሌው ወደ ኩሽናው ግድግዳ በዓይናቸው አመለከቱ፤ ከዚያ ሳቁ። «ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ለፖሊስ አልነግርም።»

«መሳቢያውን የሚከፍት ሌላ ሰው አለ?»

«ማን ይከፍተዋል? እሷ አቧራ ስታራግፍ ካልሆነ በቀር።»

መርማሪዋ አመስግና ወደ ኩሽና አለፈች። እማማ ዕቃ እያጠቡ ነው። ትናንት ምሳ የቀረበበት ሰሃንና ማንኪያ ገና እዚያው ነው። ከማንኪያዎቹ አንዱ እጀታው ጎብጧል። መርማሪዋ አነሳችው፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ። ፖሊስ ቆሞ ሲያየኝ እጄ ሰሃን አይዝልኝም።»

«እማማ፣ የአዳራሹ ዘበኛ ጣቢያ ናቸው።»

እማማ እጃቸው አረፋው ውስጥ ቀረ። «ምን ሆኖ?»

«ሥዕሉን ሰርቀዋል ተብለው። ከሥራ ተባረዋል፤ ማታ ክስ ይመሠረትባቸዋል።»

«ያ ሽማግሌ? ያ ምስኪን? እሱ ምን አደረገ!»

«ምንም አላየሁም ብለው ጭጭ ብለዋል።»

«ዋሽቷል!» አሉ እማማ፤ ሰሃኑ ከእጃቸው ወድቆ ተንሸራተተ። «አይቶኛል! በሻርፔ ጠቅልዬ ይዤው ስወጣ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው! ‹እግዜር ይርዳዎት እማማ› አለኝ እንጂ ምን እንደያዝኩ እንኳ አልጠየቀኝም። ወይኔ! ወይኔ! ሰውን አስበላሁ!»

ከዚያ በኋላ መጠየቅም አላስፈለገ። እማማ በእርጥብ እጃቸው የልብስ መተኮሻውን ብርድ ልብስ ገለጡ፤ ሥዕሉ ከሥሩ ተኝቷል፣ አንዲት ክር ሳትነካ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን ሴት አውቃታለሁ» አሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ። «እኔ እዚህ ቤት ሳልገባ ነው እዚያ መሳቢያ የገባችው። ቤት በቀየርን ቁጥር አብራን ትቀየራለች። መሳቢያ ሲሰበር አዲስ መሳቢያ ይሠራላታል! ስንት ዓመት ቻልኳት። ከጥቂት ወራት በፊት ግን መረረኝና አንስቼ የተጣሉት ሣጥን ውስጥ ወረወርኳት። ትቆራረጣለች፣ ቀለም ይደፋባታል ብዬ!»

«እና?»

«እናማ ንግሥት ሆና መጣች! እዚህ ቤት ቆሻሻ እንኳ በሰላም አይጣልም። ምሳ ይዤ ስገባ ፖስተሩ ላይ እሷ፤ ውስጥ ስገባ ግድግዳው መሀል እሷ፤ ባሌ ደግሞ እንባው በዓይኑ ሞልቶ ያያታል። ሰሃን ላጥብ ብዬ ገባሁ፣ ጨርቁን ገለጥኩ፣ በማንኪያ ፈልቅቄ አወጣኋት።» ወደ ሥዕሉ አዩ። «ልቆራርጣት መቀስ አንስቼ ነበር። ክሩን ሳይ የዚያች ልጅ ጣት ታየኝ፤ ስንቴ ተወግታ ነው የሰፋችው? መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት። ለመመለስ ደግሞ አፈርኩ።»

 የመርማሪዋ ዓይን ወለሉ ላይ ቀርቷል። እማማ ማጠቢያው ላይ ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን ከነጠላ ጫማቸው አውጥተው፣ ተረከዛቸውን ሌላው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እያሹ ነበር።

«እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቆሙት?»

«እንዴት?»

መርማሪዋ ሥዕሉን አንስታ ማጠቢያው ላይ አቆመችላቸው። ጣቷን ከታች፣ ቢጫው ክር የማይደርስበት ቦታ አሳረፈች። «እስቲ የዚህችን ሴት እግር ይዩልኝ።»

እማማ አዩ። እግራቸውን አዩ። እንደገና ሥዕሉን አዩ። «አይደለም» አሉ። «አይደለም፣ እኔ እንዲህ ያለ ኮት ኖሮኝ አያውቅም።»

«የወንድምሽ ሚስት ኮት ነበር» አሉ ፎቶ አንሺው። የሰሃኑን ድምፅ ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። «ለሥራ ፈተና ተውሰሽው። ፈርተሽ ድልድዩ ላይ ቆምሽ፤ ገብቼ ልፈተን፣ ልመለስ እያልሽ። ኋላ ነው የነገርሽኝ።»

እማማ አፋቸውን በእርጥብ እጃቸው ያዙ።

«እኔ በዚያ ሳልፍ አየሁሽና አነሳሁሽ። ማን እንደሆንሽም አላውቅም። ስፈልግሽ ከረምኩ። ስቱዲዮዬ ለመታወቂያ ፎቶ ስትመጪ እንኳ ፊትሽን አላወቅኩትም፤ ልትወጪ በር ላይ ቆመሽ ተረከዝሽን ከጫማሽ ስታወጪ ነው ክው ያልኩት።»

«እና እስከ ዛሬ? ይህን ሁሉ ዘመን? አንተ ሰው!»

«ሳላስፈቅድ ያነሳሁት ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ለተማሪ ሁሉ ‹ሰው ሳታስፈቅዱ እንዳታነሱ› እያልኩ፣ እኔ ሚስቴን ከጀርባዋ ሰርቄ! አፈርኩ። ነገ እነግራታለሁ ስል፣ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ ልጆችም አደጉ። አንቺስ? አንድ ቀን ‹ይቺ ማናት?› ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅህ ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

 እማማ ባላቸውን በፎጣ ትከሻቸው ላይ መታ አደረጓቸው፤ ቀጥሎም በዚያው ፎጣ ፊታቸውን ሸፈኑ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መርማሪዋ መለየት አልቻለችም።

«ሌላ ጊዜ ነው የምቀጣህ» አሉ ፎጣውን ሲያወርዱ። ሻርፓቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ጣቢያው ሩቅ ነው?»

ጣቢያ ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ክሱን ሊያጽፍ ቀድሟቸው መጥቷል፤ ሰዓሊዋም አለች። እማማ ማንንም ሰላም ሳይሉ ሥዕሉን ለሰዓሊዋ አስረከቡና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ሌባዋ እኔ ነኝ። የምትጽፈውን በእኔ ስም ጻፈው።»

 ሰዓሊዋ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች፤ ታሪኩን መርማሪዋ በአጭሩ ስትነግራት እማማን አንገታቸውን አቅፋ ቀረች። «ሥራው የጋሼና የእኔ ነው» አለች። «እኛ አንከስም። ጋሼ፣ አይደለም?»

«ማንን ልክሰስ?» አሉ ፎቶ አንሺው። «ማታ እቤቴ መግባት አለብኝ እኮ።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። መርማሪዋ ግን አልሳቀችም። «የዘበኛው ነገርስ?» አለች ሥራ አስኪያጁን፣ ቀስ ብላ። «ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያባረሯቸው። አሁንም ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ነካካ። ከዚያ፣ የሰውን ደግ ነገር መደበቅ አይገባምና ልናገርለት፣ ወደ አግዳሚው ሄዶ ጎንበስ አለ። «አጥፍቻለሁ፣ አባቴ። በሩ ይጠብቅዎታል» አላቸው። ሽማግሌው ቆባቸውን አደረጉ።

እማማ ዘበኛው ፊት ቆሙ።  «ለምን አልተናገርክም?» አሉ። «ለእኔ ብለህ ልትታሰር ነበር እኮ! ባልመጣስ?»

«ይመጣሉ ብዬ ነው» አሉ ዘበኛው።

 ማታ ሥዕሉ ቦታው ተመለሰ፤ ፍሬም ሠሪው ሚስማሩን እያጉረመረመ አስተካከለው። እንግዳው ሲመጣ በሩን የከፈቱት እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ እየተሽቀዳደመ ወደ ቢጫው ክር፣ ወደ ድልድዩዋ ሴት ሄደ። እትዬ ቀስ ግን በሩ ላይ፣ ከሽማግሌው ጎን ቆማ፣ የቀዘቀዘ ሻይዋን ጠጣች።

እንግዲህ መሽቷል፤ ሂዱና እረፉ። የባልና ሚስቱን ነገር እንደማትረሱት አውቃለሁ፤ እሱ ራሱ ይታወሳል። እኔ የምለምናችሁ ያንን አግዳሚ ወንበር ነው። እዚያ ላይ አንድ ሰው ስሙ እየጠፋ፣ የሌላውን መመለስ ሲጠብቅ ዋለ። እሱን አስታውሱልኝ።